ጥርስ ያላት ወፍ

ሰኞ
እግሬ ዛሬም አብጧል። ስምንት ሰዓት ሙሉ እዚያችው ወፍ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። ሄስፐሮርኒስ ይሏታል። በዳይኖሰር ዘመን ባሕር ውስጥ የኖረች፣ ጥርስ ያላት፣ መብረር የማትችል ወፍ። አሁን አጥንቷ ሙዚየም ገብቷል፤ እኔ ሴኩሪቲዋ ነኝ፣ በአማርኛው ዘበኛ። ደሴ አሥራ አራት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት እዚህ ፈረንጅ አገር ቀኑን ሙሉ "አትንኩ" ስል እውላለሁ።
ነገ ግን ኢንተርቪው አለኝ። ለጎብኚ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚች ወፍ ያላነበብኩት የለም። እግዜር ይርዳኝ።

ማክሰኞ
አበላሸሁት። ኢንተርቪው ያደረገችኝ ሴትዮ "ስለ እነዚህ አጥንቶች ምን ያህል ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ "ትንሽ ትንሽ" አልኳት! እኛ ዘንድ የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ አይልም፤ ጠያቂው ነው ደጋግሞ የሚያወጣጣው። ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጻፍ ጻፍ አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።
ባሌ ግርማ ሲሰማ "አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ አገር ትንሽ ካልሽ ትንሽ ነው እኮ!" አለኝ። ልጄ ሊያ ከስልኳ ቀና ብላ "ማም፣ ሲሪየስሊ?" ብቻ።

ረቡዕ
አልደወሉም። መናገር የነበረብኝ ይኼ ነው፦
ጥርሷ የሚያሟልጭ ዓሣ እንዳያመልጣት ነው።
እግሯ ወደ ኋላ የተተከለ ነው፤ ለዋና እንጂ ለመሬት አይሆንም።
ክንፏ ቀጭጯል፤ ስላልሠራችበት።
ሁሉንም ለመጸዳጃ ቤቱ መስታወት ነገርኩት። ጎበዝ አስረጂ ነኝ።

ሐሙስ
ሥራውን ለብራያን ሰጡት። የጎብኚ ኮት መቀበያው ጋ የሚሠራው ልጅ! ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ወፏ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ኢንተርቪው ላይ "ሁሉንም አውቃለሁ" ብሏል አሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ሥራም አይገባም። ሰፈሬ ቫን ዶርን ጣቢያ እስክወርድ ባቡር ውስጥ አለቀስኩ። በብራያን ሳይሆን በራሴ ተናደድኩ። በሱም ተናድጃለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዓርብ
ብራያን የትምህርት ቤት ልጆች ሰብስቦ "ይቺ ወፍ ባሕር ዳር ቀጥ ብላ ቆማ ትሄድ ነበር" አላቸው። ጆሮዬ ጋለ። ሴኩሪቲ በገለጻ መሀል አፉን አይከፍትም፤ ደንብ ነው። ከፈትኩ።
"ይቅርታ፣ መቆም አትችልም። እግሯን እዩት። መሬት ላይ በሆዷ ነበር የምትሳበው" አልኩ።
ብራያን ቀላ። ልጆቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ "ሃው ዱ ዩ ኖው?" አለችኝ። ትንሽ ትንሽ የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። መምህርት መሆኔን ነገርኳት፤ ወፏንም በደንብ እንደማውቃት። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ አደረጉኝ፤ አንዱንም አላለፍኩም።
ሱፐርቫይዘሬ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። "ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ" አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ያባርረኝ ይሆናል። ለግርማ ገና አልነገርኩትም፤ ፈርቻለሁ።
ሰኞ ምን ያህል ታውቂያለሽ ብሎ ከጠየቀኝ ግን፣ ቢያባርረኝም እነግረዋለሁ።