በሰዓቱ የሚደርስ ሰላምታ

ውድ ጭራሮ፣

ስለ እኔ የሚወራውን በቅድሚያ ላርም። «ከሙታን ጋር ትጻጻፋለች» እያሉኝ ነው። ሐሰት ነው። እኔ አንዲት መስመር መልስ ሰጥቼሽ አላውቅም። የምትጽፊው አንቺ ብቻ ነሽ።

ዛሬም ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሞላ ስልኬ ጮኸ። ነጭ አበባ፣ ከሥሩ «መልካም ቀን ይሁንልሽ» የሚል። ከተቀበርሽ ወር አልፎሻል።

ወሬውን ያስነሣው ባለሱቁ ነው። ማልጄ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ስልኬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ስምሽና ፎቶሽ መስታወቱ ላይ ብቅ ሲል አየው።

«እማማ፣ እኚህ ሴትዮ… አርፈው የለም እንዴ?» አለኝ።

«አርፈዋል» አልኩት፤ «ሳሙናውን ስጠኝ።»

ሌላውን ሁሉ በሂሳብ የሚሸጥ ሰው ወሬን ብቻ በነፃ ያድላል። እስከ ማታ ሰፈሩን አዳረሰው።

ሁለተኛም ወሬ አለ፤ ይኼኛው አያስቅም። «ተኳርፈው ነበር፤ መጋረጃዋን እያየች ዝም አለቻት» የሚል ነው። ይህን ለማረም ግን ከመነሻው መጀመር አለብኝ። የምታውቂውን ጭምር ብደግምልሽ ታገሺኝ፤ ነገር ሲዘለል አልወድም።

የምጽፍልሽ በብዕር ነው። ስልኬ ቃሌን ሳልጨርስ ምን ልል እንደሆነ ይገምትልኛል። የታይፕ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ በስተርጅና አንድ ቁራጭ መስታወት «ይህን ለማለት ፈልገው ነው?» እንዲለኝ አልፈቅድም። ትናንት ደግሞ ስንት እርምጃ እንደተራመድኩ ቆጥሮ አመሰገነኝ። ወዴት ስሄድ እንደዋልኩ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ነበር።

አዳሪ ትምህርት ቤት አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። የመኝታ ክፍሉ ተቆጣጣሪ የአንሶላችንን እጥፋት በማስመሪያ ትለካ ነበር። የእኔ ሁልጊዜ ልክ ስለሚሆን ማስመሪያ ብላችሁ አወጣችሁልኝ፤ አንቺን በቅጥነትሽ ጭራሮ አልንሽ። ደወሉ ካለቀ በኋላ በአንድ እግርሽ ብቻ ካልሲ አጥልቀሽ ስትሮጪ አሁንም ይታየኛል። ልብስ ሰፊ ከሆንሽ በኋላም አልተሻለሽም። ሙሽራዋ ወደ መኪና እየሄደች፣ አንቺ ከኋላ ከኋላዋ እየተንበረከክሽ የቀሚሷን ጠርዝ ስትሰፊ በዐይኔ አይቻለሁ። «ማግባቷ ላይቀር ምን ያስቸኩላታል?» አልሽኝ፣ መርፌውን በጥርስሽ ይዘሽ።

ባሎቻችን አልፈው ልጆቹም ወጥተው፣ በጠባቧ መንገድ ግራና ቀኝ መስኮት ለመስኮት ስንቀር መላ ያበጀሁት እኔ ነበርኩ። ጠዋት የተነሣች መጋረጃዋን ትከፍታለች። የሬዲዮው ዜና እስኪጀምር የሌላዋ መጋረጃ ካልተከፈተ፣ ቁልፍ ይዛ ትሻገራለች። ቁልፍሽ ከበሬ ጀርባ ሚስማር ላይ፣ ቁልፌ በስፌት መኪናሽ መሳቢያ ውስጥ። ባትሪ አይፈልግ፣ የይለፍ ቃል የለው።

መታጠቢያ ቤት ወድቄ ወገቤን የያዘኝን ጠዋት ታስታውሻለሽ። ዜናው ሳይጀምር ነበር በሬ የተከፈተው። በአንድ እግርሽ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገሽ ከበላዬ ቆምሽ።

«ማስመሪያ፣ ተሰበርሽ እንዴ?»

«አልተሰበርኩም። ጎብጬ ነው።»

መሬት ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽ እስኪያስልሽ ሳቅሽ፤ ከዚያ ነው ያነሣሽኝ። በሕይወትሽ አንድ ጊዜ ሳትዘገዪ የደረስሽው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ዐይንሽ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሐኪሙም ብርሃን እንዳይጎዳሽ መጋረጃሽን ዘግተሽ ቆዪ አለሽ። ልጅሽ ለሁለታችንም ስልክ ገዛልን። «እትዬ፣ በመጋረጃ መጠራራት ድሮ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ትባባላላችሁ፣ አለቀ» አለኝ። ዐይንሽ ሲድን ወደ መጋረጃው አልተመለስንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ ሌላ ሴት ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሰላምታሽ እንዳንቺው ነበር። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴ ሁለቴ። አንድ ቀን ለማላውቀው ሕፃን የተላከ የልደት ኬክ ደረሰኝ። ደውዬ ተቆጣሁሽ።

«ሰላምታው የጠዋት ነው። በሕይወት መኖርሽን ምሳ ሰዓት ላይ ባውቀው ምን ይረባኛል?»

«ምሳሽን ተረጋግተሽ ትበያለሻ» አልሽኝ።

ከዚያ አንድ ሰሞን ሰዓቱ ተስተካከለ። አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ አንዲት ደቂቃ ሳያጎድል፣ በየቀኑ ሌላ ዓይነት አበባ እያመጣ ይደርሳል። ተደነቅሁ። አሁንም ደወልኩልሽ፣ በዚህ ጊዜ ግን ለምስጋና። «አሁን ገና ሰው ሆንሽ» አልኩሽ። ትንሽ ዝም ብለሽ ሳቅሽ። «ይህቺን ካንቺ አፍ ለመስማት ፀጉሬ ሸበተ» አልሽኝ።

የዚያን ዝምታሽን ትርጉም ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስትዘገይ የኖረች ሴት ድንገት እንደ ሰዓት ስትሆን፣ ወዳጇ የሆነች ሰው ምን ነካት ብላ ትሮጣለች። እኔ ግን ተግሣጼ የሠራ መሰለኝ፤ ኮራሁ።

ወተት የሚያድለው ሰውዬ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳ።

«እማማ፣ የጓደኛዎ ወተት የትናንቱም አልተነሣ። ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናት። አሁን ሰላም ብላኛለች» አልኩት፤ አበባሽንም አሳየሁት።

«አይ፣ ብቻ ጠርሙሱ…»

«አንተ ወተትህን አድል። መርሳት ልማዷ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በማግስቱ ግን እንደገና መጣ። ሦስቱን የተደረደሩ ጠርሙሶች በጣቱ ብቻ አሳየኝ። አበባሽ ያን ጠዋትም መጥቶ ነበር። ቁልፉን ከሚስማሩ አነሣሁ።

ያገኘሁሽ ከመስኮቱ ሥር ነው። ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ምንጣፉ ተጨራምቶ ነበር፤ እየተሳብሽ እንደመጣሽ ያስታውቃል። ስልክሽ አልጋሽ አጠገብ፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ ሙሉ ኃይል ይዞ ተቀምጧል። አንቺ በእጅሽ የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጠሽ ነበር። ስበሽው ግማሹ ከዘንጉ ወልቆ ተንጠልጥሏል።

ጭራሮዬ፣ የተንጠለጠለው መጋረጃ ከእኔ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከውስጥም ከውጭም ቆሜ አረጋግጫለሁ። አንቺ በመጨረሻ ጉልበትሽ በድሮው ውላችን ጠራሽኝ፤ እኔ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ስልኬን እያየሁ ነበር። ሊያይሽ የመጣው ሐኪም «ቀደም ብሎ ቢደረስላት ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ሐሳቡን ያልጨረሰ ሰው ሁልጊዜ አርም ነበር። ያን ዕለት አላረምኩም።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ልጅሽ ፊቴ መጥቶ ቆመ። «እትዬ፣ መስኮት ለመስኮት ነበራችሁ እኮ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። «ነበርን» አልኩት። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ይኸው፣ ሰላም ብላኛለች» ልለው እጄን ሰድጄ መለስኩት። የእናቱ አፈር ሳይደርቅ ለራሴ ጥብቅና ልቆም አልወደድኩም። ደግሞም ለራሴም አልገባኝም ነበር፤ ወለል ላይ የወደቀ ሰው እንዴት አድርጎ አበባ ይልካል? በማግስቱ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሌላ አበባ መጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ያስረዳችኝ የልጅ ልጅሽ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጣች፣ አንቺ በምትቀመጪበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ከደብተሮቿ መካከልም ስልክሽን አወጣች። ለማስታወሻ ብላ አባቷን ለምና ወስዳው ኖሯል። ከስታለች። ዐይኗ ልክ ያንቺ ነው፤ ስታለቅስ ደግሞ ይብሳል።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ሰላምታው በራሱ እንዲሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አያቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ስትስተው ትናደድ ነበር። የዓመቱን አበባ ሁሉ ጫንኩላት። እሷ ምንም መንካት አልነበረባትም።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

ስልክሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንዳትነግሪያት አለችኝ። ‹አንድ ጊዜ እንኳ ታመስግነኝ› ብላ።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር እምብዛም አላውቅም። አዝኜብሽም ነው። እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ ብትነግሪኝ ምን አደርግሽ ነበር? ብዬ ራሴን ጠይቄ፣ እውነተኛውን መልስ ሰጠሁ፤ «ሐኪም ዘንድ በሰዓቱ ሂጂ» ብዬ እቆጣሽ ነበር። ስለዚህ ፍርዱን ላንቺ ሰጥቻለሁ።

አሁን ያለው ጣጣ ይህ ነው። ልጅሽ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይመጣል። ስልኬን ማየት ይፈልጋል። እናቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሰላም ያለችኝ መቼ እንደሆነ አይቶ፣ የወደቀችበትን ሰዓት ለማወቅ ነው። ካየ ደግሞ አበባዎቹ ሞተሽም እንዳልቆሙ ያያል። እቤቱ ውስጥ ይህን መሥራት የምትችል አንዲት ልጅ ብቻ እንዳለች ለማወቅ የአንድ አፍታ ሐሳብ ይበቃዋል።

«እማማ፣ ላጥፋው?» አለችኝ ልጅቷ። «ሁሉንም ካጠፋነው አያውቅም።»

አይሆንም አልኳት። በእኔ ክፍል ስሕተት አይፋቅም ነበር። የተፋቀ ወረቀት ወደ ብርሃን ሲያነሡት ይታያል። ስሕተት የተገኘበት ገጽ እንደ አዲስ ይጻፋል። እኔም ይህን ገጽ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ለልጅሽ፣ ሰላምታውን በራሱ እንዲሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ እለዋለሁ። መዘግየትሽ ሰልችቶኝ፣ አንድ ቀን ቤትሽ ቁጭ ብዬ እኔው በእጄ አስተካከልኩት እለዋለሁ። ዕድሜዬን ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ያምነኛል።

«ውሸት ነው እኮ» አለችኝ ልጅቷ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ግማሹ ነው ውሸት። ያን ሰዓት የፈለግኩት እኔ ነኝ።»

«አባዬ ይጠላዎታል።»

«የጠሉኝን ሰዎች ልቁጠርልሽ ብል የታይፕ ክፍሉ ብቻ አይበቃሽም? አንድ ቢጨመር አይከብደኝም።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። ያንቺን የመሰለ ሳል አለባት። አንድ ነገር አስገባኋት፤ እውነቱን ከእጇ አልነጠቅኩም። አድጋ፣ ልቧ ሲጠና፣ ለአባቷ የመንገር መብቱ የእሷ ነው። እስከዚያ ሸክሙን እኔ ልያዝላት። ለአሥራ አምስት ዓመት ትከሻ ይከብዳል፤ የእኔ እንደሆነ ከጎበጠ ቆይቷል።

በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም ብል አታምኚኝም፤ ግን እውነት ነው። ለተቆጣጣሪዋ እንኳ ያላጠብሽውን ካልሲሽን የደበቅሽበትን ቦታ ነግሬያታለሁ፤ አንቺም ከእራት ተከልክለሽ አደርሽ። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ አጠገቤ ተቀመጥሽ። የነገው ውሸቴ ለዚያም ካሳ ይሁንልሽ።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሦስተኛ ወሬ ትሰሚያለሽ። ማስመሪያ በሰዓት አባዜዋ ጓደኛዋን ገደለች ይባላል። የዚህን ወሬ ምንጭ አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ። አላርመውም። ሌላው ሁሉ ይመን፣ አንቺ ግን እንዳታምኚ። እንደማታምኚ እያወቅኩ ነው የምጽፈው።

ነገ የማደርገውን ልንገርሽና ላብቃ። ስነሣ በመጀመሪያ መጋረጃዬን እከፍታለሁ፤ የእገሌን መስኮት፣ የእገሊትን መስኮት ሳልል የመንገዱን መስኮት ሁሉ አያለሁ። ጫማዬን አድርጌ ደጃፍ ላይ ወተት አዳዩን እጠብቃለሁ፤ ትክክል እንደነበረና እኔ እንደተሳሳትኩ ስሙን ጠርቼ እነግረዋለሁ። አንድ ሰዓት ላይ አበባሽ ሲመጣ ተቀምጬ እቀበለዋለሁ፤ ልጅቷ ከዚያ በኋላ ታስቆመዋለች። ቁልፍሽን ከሚስማሩ አውርጄ ከስልኩ ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጅሽ ሲገባም፣ ሰላም ብሎኝ ሳይቀመጥ፣ እነግረዋለሁ።

ዘግይታ የደረሰችው
ማስመሪያሽ