ቀን ቆርጦልሻል ወይስ አባሮሻል?

ይህን የሚጽፈው የወንድምሽ የሆሴዕ ሚስት የእታለም እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ የዱታሞ ነው። እንዳታለዝቢው ብያታለሁ፤ ካለዘበችው በእሷ ይሁን።

ልጄ ሐዳሳ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የባሕር ዳር አየር ተስማማሽ ወይ? ወገብሽስ ከመቀመጥ ብዛት የሚያምሽ ተሻለሽ? ምግብ ትበያለሽ ወይስ ሻይ በዳቦ እያልሽ ትውያለሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱንም እናትሽ ሰው ሲያየው ነው የሚያመው ትላለች። በርበሬው ደርሶ እየለቀምን ነው። ግቢው ሁሉ ቀይ ሆኗል፤ እያስነጠሰ የማይውል ሰው የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በስልክ ካልሽኝ አንዱም አልገባኝም። አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ የሰው ልጅ ደብተር ስታርሚ የኖርሽ ሰው ነሽ። ለሁለተኛ ዲግሪ ብለን ስንሸኝሽ የተማረ ሰው ነው የሸኘነው። አሁን ግን ጽሑፌን ለሚያዩልኝ ሰዎች ወስጄ አሳያለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ለዚሁ ያስቀመጣቸው ናቸው፣ አያሳፍርም አልሽ። እንዴት አያሳፍርም? ደግሞ ናስረዲን ከሚባል ልጅና ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣችሁ አንዱ ያነበበውን ለሌላው ያስረዳል አልሽ። ይሄ መኮራረጅ አይደለም ወይ? ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ለጓደኛሽ መልስ አሳየሽ ብለው ወላጅ አምጪ ሲሉሽ፣ ሄጄ የቆምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በዚያው ያመሰግኑሻል ማለት ነው?

እሱስ ይሁን። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጽሐፍ አፈላለግ አስተማረችኝ አልሽ፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ የለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አንዱን ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻውን አይቼ ካልጠቀመኝ እተወዋለሁ አልሽ። መሃሉን ሳይሰሙ ይፈረዳል እንዴ? ሰዓት ሞልተሽ ስልክሽ ሲጮኽ ታነቢያለሽ፣ ደግሞ ሲጮኽ ታርፊያለሽ። እኔ ዕድሜዬን በሬ ስጠምድ ኖሬ፣ አሁን እረፍ ያለኝ ዕቃ የለም። ማታም በጊዜ እተኛለሁ፣ ያነበብኩት አእምሮዬ ውስጥ የሚቀመጠው ስተኛ ነው አልሽ። እታለም እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጣ፣ እውነቷን ነው አባባ፣ እኛንም ጤና ኮሌጅ ሳለን እንዲሁ ብለውናል አለችኝ። እንቅልፍ የሚያስተምር ቢሆን ሆሴዕ እስካሁን ዶክተር በሆነ ነበር። ይሄንንም ጻፊ አልኳት፤ ባሏ ነውና ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ጽፋዋለች።

ይሄን ሁሉ ዋጥ አድርጌው ነበር። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ግን እናትሽ ስልኩን ዘግታ መጥታ፣ አማካሪዋ ጽሑፏን እንደገና መለሰባት፣ እያለቀሰች ነው አለችኝ። መለሰባት ሲሉኝ ለእኔ አባረራት ማለት ነው። የእኔ ልጅ የሰው ደጅ ቆማ አትለማመጥም አልኩና፣ በነጋታው በባጃጅ ቦኖሻ ሄድኩ። ርዕሰ መምህርሽን ሚክያስን፣ ልጄ ትምህርቱን ትታ ትመጣለች፣ ቦታዋን ለሰው እንዳትሰጥ አልኩት። እሱም፣ አባቴ፣ እንዲህ ከሆነ የሚመጣው ሰኞ ለወረዳው አስታውቃለሁ፣ የትምህርት ፈቃዷ ይሰረዛል፣ ያውቃሉ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አላውቅም ነበር።

ትናንት ደግሞ ለጎረቤታችን ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሽማግሌ ሆነን ሀደሮ ሄድን። የልጅቷ አባት አክብሮ ተቀበለን፣ አበላን፣ ከዚያ ይሄንና ይሄን አስተካክላችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አለን። ሲመልሰን ሁለተኛው ነው። ማንም አልከፋውም፤ ባይፈልገን ቀን አይቆርጥልንም። በሚኒባስ እየሳቅን ስንመለስ፣ አብሮን የነበረው ሽማግሌ ተገኘ፣ ምላሱን ታውቂዋለሽ፣ ዱታሞ፣ አንተን ሲመልሱህ ትስቃለህ፣ ልጅህን ሲመልሷት ቤትህ ለቅሶ ነው፤ ለመሆኑ ሰውየው ሂጂ ነው ያላት ወይስ ተመለሺ? አለኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ሰው፣ ሹፌሩን ፍጠን አልኩት።

ቤት ገብቼ እታለምን ጠየቅኋት። አንቺ የላክሽላትን የአማካሪሽን መልስ ከስልኳ አነበበችልኝ። ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ይስተካከል፣ ታኅሣሥ ስምንት ይዘሽ ነይ ብሎ ነው የጻፈልሽ። ታዲያ ቀን ቆርጦልሻል! ቀን የተቆረጠለት ሰው ያለቅሳል እንዴ? ወይስ እናንተ ዘንድ ቀን መቁረጥም ሌላ ነገር ነው? ጭንቅላቴ ዞሯል ልጄ፤ የሚያባርረውም የሚያስተምረውም አንድ ዓይነት ቃል ይናገራል።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ሰኞ በማለዳ ቦኖሻ ሄጄ፣ ልጄ ትምህርቷን አልተወችም፣ ያልኩት ይነሳ እለዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቀውም፤ ቃሌን ብቻ ነው የማነሳው። የሚስቅ ይሳቅ። አንቺ ራስሽ መሮሽ ከሆነ ግን እስከ እሑድ ለእታለም ጻፊላት፤ እቀራለሁ፣ አልቆጣም። ካልጻፍሽ እሄዳለሁ። ለሚያዩልሽም ሰዎች አሳዪ፣ ከእነዚያም ልጆች ጋር ተቀመጪ። እንቅልፉን ግን እስካሁን አላመንኩበትም።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች፤ የሚመጣ ሰው ካገኘች ቆጮ ትልክልሻለች። ሆሴዕ ሰላም ይልሻል። ልጁ ትንሹ ቲቶ ስምሽን መጥራት ጀምሯል። እታለም የራሷን ሰላምታ ከታች ትጻፍ፤ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የምትልከውም እሷ ናት። ናስረዲንንም ሰላም በይልኝ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ጌታ ከአንቺ ጋር ይሁን።

አባትሽ ዱታሞ
ሻሾጎ፣ ቦኖሻ አጠገብ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

በይ እታለም፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሰኞ እሄዳለሁ ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ጮክ በይ፤ እናቷም ትስማው።