ከስምሽ አጠገብ ያለው ናስ

ውድ ምራቴ፣

ስምሽን ከምድጃው ላይ ፍቄ አላጠፋሁም። ጎረቤቴ ጉንቦሪ ለመንደሩ ያወራችው ሐሰት ነው። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አውቃለሁ፤ እኛን ያስተማሩን መምህርት ሰላምታ የጎደለውን ደብዳቤ ቀደው እንደ አዲስ ያስጽፉን ነበር። ግን ይህን ሳትሰሚ ሰላምታዬን የምትቀበይ አልመሰለኝም። አሁን ልጠይቅሽ፦ እንዴት ሰነበትሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ? እዚያ ኦስተርሱንድ ከተማ በረዶው ቀለጠ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ልጄ ሃልቫር ከተራራው ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ዕቃዎቹ ሲመጡልን፣ ለሠርጋችሁ የሰጠኋችሁን፣ ከእሱ ጋር የወደቀውን ትንሽ የመንገድ ናስ ምድጃ አንድ ጊዜ አይተሽ ፊትሽን አዞርሽ። «ጭረቱን ማየት አልችልም፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አልሽኝ። አስቀመጥኩት። ዘንድሮ እንደገና ተራራ መውጣት መጀመርሽን ስሰማ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የላምባ ምድጃን ከሥራ ይልቅ ሥራ መፍታት ነው የሚጎዳው፤ የፓምፑ ቆዳ ይደርቃል።

ምድጃውን አውጥቼ ጭረቱን ለማጥፋት ስፍቅ ጉንቦሪ በመስኮት አየችኝና ገባች። «አንቺ ሴትዮ፣ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈሽው አትተኚም?» አለች። ናስ አቼቶ ውስጥ ካደረ በፀሐይ እንደ ተቃጠለ አፍንጫ እንደሚቀላ፣ ይህንንም በራሷ የሻማ ማስቀመጫዎች ላይ እንዳየሁ ነገርኳት። ተቀየመች። «ይልቅስ ምራትሽ ኤስኪል የሚባል ሰው ይዛለች፤ ጺማም ነው፤ መኪና ሲያቆም የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል» አለችኝ። «ጺም ይላጫል፤ መኪናም ይጠጋል» ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ። እጄ የሁለታችሁ ስም የተቀረጸበት ጎን ላይ ነበር። እሷም ያንን አይታ ወጣች። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ «አሮጊቷ ተናድዳ የምራቷን ስም እየፋቀች ነው» ተባለ። አንቺም ለሰኔው በዓል አልመጣም ብለሽ ላክሽብኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጭረት አይሞላም፤ በዙሪያው ያለው ናስ ነው እስከ ጭረቱ ጥልቀት ዝቅ የሚለው። መጀመሪያ ሻካራውን የብርጭቆ ወረቀት እያረጠብሽ በአንድ አቅጣጫ ታሺዋለሽ፤ ከዚያ ለስለስ ያለውን በመስቀለኛ። የፊተኛው መስመር ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ወረቀት የሚሄድ ሰው ሰነፍ ነው። ትንንሾቹ ጭረቶች እንዲህ ጠፉ። ትልቁ ግን፣ ድንጋዩ የሠራው፣ ከዳር ተነሥቶ በሃልቫር ስም መሐል ያልፋል። ያንቺን አልነካውም። ስሙን ላቆይ ካልኩ ጭረቱ ይቆያል፤ ጭረቱን ላጥፋ ካልኩ ስሙ አብሮ ይሄዳል። ያንን ስም መጀመሪያ ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ።

ምድጃውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ወረቀቱን አረጠብኩ።

አሁን ፊትሽን ያሳይሻል። የፓምፑን ቆዳ ቀይሬ፣ አየር ሞልቼ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አንድም አረፋ አልወጣም። ስምሽ እንዳለ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ናስ ባዶ ነው። እዚያ ምን እንደሚጻፍ፣ ወይም ምንም እንደማይጻፍ፣ ያንቺ ጉዳይ ነው። ቀራጩ አሁንም እንደሚሠራ ግን ደውዬ ጠይቄአለሁ።

ለበዓሉ ኤስኪልን ይዘሽ ነዪ። አዲሱን ድንች በእንስላል እቀቅላለሁ፤ ዓሣም አለ። መኪናውን እንደፈለገ ያቁም፤ ግቢው ሰፊ ነው።

እግዚአብሔር እግርሽን ከሚንሸራተት ድንጋይ ይጠብቅ። የምታነድጂው እሳት በነፋስ አይጥፋብሽ።

ነገ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ የፖስታ መኪናው ሳያልፍ ሳጥኑ ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ የፎቁን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ፤ አልጋው ላይ ሁለተኛ ትራስ እጨምራለሁ፤ የሃልቫርን ልብሶች ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ፣ አጣጥፌ፣ የተለገሰ ልብስ ለሚሸጥበት የቤተ ክርስቲያኑ ሱቅ አዘጋጃለሁ። ግራጫውን ሹራብ ግን አልሰጥም፤ ጠዋት ጠዋት ይበርደኛል።

ምንጊዜም አማትሽ