«እናቶቻችን» የሚሏቸው ሴቶች

ጋርላንድ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ናኦሚዬ፣ የኔ ዓለም፣

የዛሬው ሚካኤል ክንፉን ይዘርጋብሽ። አማርኛው ቢከብድሽም ጮክ እያልሽ አንብቢው፤ በቴክስት ብልክልሽ «ኦኬ ማሚ» ብለሽ ታልፊኛለሽ።

ከናይጄሪያ፣ ከኢባዳን የላክሽውን የፊልምሽን ቁራጭ አየሁት። ነጭ የለበሱት አሮጊት፣ ወንዱ ሁሉ እግራቸው ሥር የሚደፋላቸው፣ አንቺን ራስሽን ይዘው ምን ብለው ነው የጠሩሽ? እሑድ ደግሞ ለፊልሙ ስል የአምልኮ ሥርዓታቸው ውስጥ ልገባ ነው ትያለሽ። አባትሽ «ፊልም እኮ ነው፣ ሪላክስ አድርጊ» ይለኛል። እሱ ምን አለበት።

ትናንት ሪቻርድሰን በምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ ብሬክ ላይ ለቢሲ አሳየኋት። አብራኝ የምትሠራ ናይጄሪያዊት ናት፣ ዮሩባ። «ልጅሽን እናታችን ነው ያሏት» አለችኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ እኛ ዘንድ ከእናት ወዲያ ምን አለና። ቢሲ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቶቻችን የምንለው የመንፈስ ኃይል ያላቸውን ሴቶች ነው። በስማቸው መጥራት ስለምንፈራ ነው» አለች። ክው አልኩ።

የኛም ቤት እንደዚያው ነበር። አያትሽ ዛር አለባቸው አይባልም፤ «እንግዳ መጣባቸው» ነበር የምንለው። ነጋዴው፣ ዳኛው ሳይቀር ደጅ ይጠናቸው ነበር። እኔ ግን እንግዳው በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ፤ ድምፁ የእናቴ ድምፅ አልነበረማ። ከሴት ወደ ሴት ይሄዳል ይባላል። እኔን አልፎኛል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ ብዬ ነው የምፈራው። በእመብርሃን ይዤሻለሁ፣ እሑድ አትግቢ። ፊልሙ ጥንቅር ብሎ ይቅር፣ ነይልኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ፊልሙን ለቢሲ ድጋሚ ከፍቼላት ከበሮው ሲመታ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ራሴን ሳውቅ ቆሜአለሁ፣ ብዙ እንደ ተናገረ ሰው ድምፄ ሻክሯል፣ ቢሲ ፊቴ ተንበርክካለች። ተነሺ ብላት እንቢ አለች። የሰላምታ ልማዳቸው ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና አደርኩ። ግን እነሱ ዘንድ የሚንበረከከው ታናሽ ለታላቅ ነው፤ ቢሲ ደግሞ ታላቄ ናት፣ የልጅ ልጅ አይታለች። ለአባትሽ አልነገርኩትም። አትግቢ ያልኩሽ ላንቺ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን ማንን እንደምፈራ እንጃልኝ። ብቻ ቶሎ ነይ።

ከአፍሽ የሚወጣው ሁሉ የራስሽ ቃል ይሁን። መግቢያ መውጫሽን ይባርክልኝ።

እናትሽ ሰርካዲስ