ቋጠሮዎችህን አገኘኋቸው

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሊሞላ ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቀባሪው ሁሉ በጭቃ እየተንሸራተተ ሸኝተንህ መጣን፤ አሁን ሚያዝያ ነው፣ ማንጎው ደርሷል። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። በሕይወት እያለህ እንኳ ደውዬ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ብዬ ቶሎ የምዘጋ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ግን አንድ ነገር አግኝቼብህ ነው የምጽፈው። ብናደድም፣ ባለቅስም አልወጣልኝ ብሏል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ደህና ናት ማለት ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከጎረቤት ጋር ትጨቃጨቃለች ማለት ነው። በርጩማህ ላይ ሰው ሲቀመጥ አትወድም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሳያውቅ ከተቀመጠበት፣ ወዲህ ይሻላል፣ እዚያ ነፋስ አለ ብላ ታስነሳዋለች። የውሃው ደወል እስካሁን ይሠራል። ቧንቧው ውሃ ሲያመጣ በርሜሉ ውስጥ ያንሳፈፍከው ጀሪካን ከፍ ይልና ደወሉ ይጮኻል። እማዬም አንተ የጠራሃት ይመስል መጣሁ፣ መጣሁ ትለዋለች። እኔ ይሄን ስሰማ መቀመጥ ስለማልችል ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ለካስ አልነገርኩህም፣ ዝውውር አግኝቼ እዚሁ አሶሳ እያስተማርኩ ነው። በሕይወት ሳለህ ያልመጣሁ ልጅ፣ ስትሞት መጣሁ።

ሰው ስለ አንተ ሲያወራ አሁንም «የሰፈራው መሐንዲስ» ነው የሚልህ። ከወሎ ስትመጡ አባትህ ትከሻ ላይ ነበርክ። የመጀመሪያውን አምፖል ያየኸው በሰፈራው ጣቢያ ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ አምፖሉ ለምን እንደሚበራ ሠራተኛውን ጠይቀህ፣ ጠይቀህ፣ በጥፊ እንዳባረረህ እየሳቅክ ትነግረን ነበር። ጥፊው መች አስተወህ! ተምረህ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነህ ተመለስክ። ከመሥሪያ ቤት ስትመጣ ደግሞ ጓሮ ገብተህ ሌላ ሥራ ትጀምራለህ። የተቃጠለ ካውያ፣ የቆመ ቬንትሌተር፣ ሰው የጣለው ሬዲዮ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። እማዬ ቆራሊውን ባገባ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ እንኳ ሰብስቦ ይዞልኝ ይሄዳል ትልህ ነበር።

ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይልህ የምናውቀው እማዬና እኔ ብቻ ነበርን። ማንጎ የምትገዛው እያሸተትክና በጣትህ ጫን እያደረግክ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ዘንቢል ሙሉ ጥሬ ይዘህ የመጣህበት ቀን አለ። መሥሪያ ቤት ሽቦውን ለክቶ የሚለይልኝ ቴስተር አለኝ፣ ቤት ግን ዓይኔ አንቺ ነሽ ትለኝ ነበር። ቴስተሩን ለምን ቤት እንደማታመጣው አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በትንሿ ዱካዬ ላይ ከጎንህ እቀመጣለሁ፣ አንተ ሽቦ ታነሳለህ። ይቺስ? ቀይ፣ አባዬ። ይቺስ? አረንጓዴ፣ አባዬ። በመሃል ዛሬ ማን እንዳስቀየመኝ ትጠይቀኛለህ፣ እኔም አንድ ሳላስቀር አወራልሃለሁ።

የእማማ ሐዋን የማንጎ ማድረቂያ ስትሠራ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን ማንጎዋ ከዛፉ ሥር እየበሰበሰ ስታዝን አይተህ ከቀርከሃ ሣጥን ሠራህላት፣ በሶላር የሚዞር ቬንትሌተርም ገጠምክለት። ሽቦውን የምታያይዝ ቀን ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፣ አንተ ይቺስ፣ ይቺስ ትለኛለህ። እኔ ያንተ ቴስተር አይደለሁም፣ ሌላ ዓይን ፈልግ ብዬህ ተነሳሁ። አልተቆጣህም። ሂጂ፣ አብሽሪ አልከኝ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አንተም ማድረቂያውን ጨርሰህ ካስረከብክ በኋላ አዲስ ነገር አልሠራህም። እማዬ በስልክ ጓሮ መግባት ትቷል ባለችኝ ቁጥር፣ ዓይኑን ይዤበት ሄድኩ እያልኩ በራሴ ስፈርድ ኖርኩ። ለሚቀጥለው እረፍት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ለሚቀጥለው እያልኩ ሞት ቀደመኝ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ሐዋ መጣች። ማድረቂያው ቆሟል። መሐንዲስ የለም፣ ማንጎ ግን ዝም ብሎ መጣ አለችኝና፣ አላህ ይርሐመው ብላ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ካንተ ጎን ተቀምጬ ከለቃቀምኩት ሌላ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አውቃለሁ? እምቢ ማለት ግን አልሆነልኝም። ክዳኑን ፈታሁ።

ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ክር ታስሯል። ቆሻሻ መስሎኝ ልበጥሰው ነበር። ልብ ብዬ ሳይ፣ በቀዩ ሽቦ ሁሉ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በአረንጓዴው ሁሉ ላይ ሁለት። እኔ ጥዬህ ስሄድ የዘየድከው ዘዴ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ እሰይ፣ ያለ እኔም ችሎ ነበር አልኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የውሃውን ደወል ከፈትኩት። እማዬ እኔን አርግዛ ውሃ ስትጠብቅ እንዳትቆም ብለህ የሠራህላትን። እዚያም አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ።

እማዬን ጠየቅኳት። ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል፣ ከተማሪነቱ ጀምሮ በቴስተር እየለካ ይቋጥር ነበር፣ ታዲያ አታውቂም እንዴ አለችኝ። ቴስተሩም ቤት ነበር፣ ከመሳቢያህ አውጥታ ሰጠችኝ።

ኧረ አባዬ! ለሽቦው ብለህ አልነበረም ለካ። የምትፈልገው ከጎንህ እንድቀመጥልህ ነበር። እኔ ስሄድ ጓሮውን የተውከው ዓይን አጥተህ አይደለም፣ እኔን አጥተህ ነው። ምነው አንድ ቀን ናፈቅሽኝ ብትለኝ? በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ እመጣ ነበር። ወይም አልመጣም ነበር፤ አሁን ማን ያውቃል? አንተም አልተናገርክ፣ እኔም አልጠየቅኩ፣ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

የማድረቂያው አንድ ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል። ባንተ ቴስተር ፈልጌ አገኘሁት፣ በአዲስ አረንጓዴ ተካሁት፣ ዓይኔ እያየም ሁለት ቋጠሮ አሰርኩበት። ቬንትሌተሩ ሲዞር እማማ ሐዋ እልል አለች። ቋጠሮህን በሕይወት እስካለሁ ማንም አይፈታውም፣ ሳላስታውስህ የማሳልፈው ቀንም አይኖርም።

አሁን ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ጓሮ እገባለሁ። በርጩማህ ባዶውን ነው፣ እኔ ከጎኑ በዱካዬ ላይ እቀመጣለሁ። እማዬ በመስኮት ታየኛለች። ከሣጥንህ ሽቦ አነሳና ጮክ ብዬ እነግርሃለሁ። ይቺ ቀይ ናት፣ አባዬ። ይቺ አረንጓዴ ናት። በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፣ አልቸኩልም።

ልጅህ ዘይነባ