ከወንበርዎ ጀርባ ስለተሰቀለው ጎባጣ ቸርኬ

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ፣ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። የእኔ ጉልበት፣ ምስጋና ለእርስዎ ይግባና፣ ከልጅነቴ ይልቅ ዛሬ በርትቷል፤ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ፍለጋ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሬ መውጣት መውረድ ከጀመርሁ ይኸው አምስተኛውን ወር ይዣለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ለእኔ ለአዋላጇ የተሰጠችው ባለአራት ጎማ ሞተር የፊት የቀኝ ቸርኬዋ፣ ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ጎብጧል። ጠርዙ ስለተጣመመ ጎማው የተሞላውን ነፋስ አንድ ኮረብታ እንኳ ሳያልፍ ይተፋዋል። ጎሚስታው ቀጥቅጦ ሊያቃናው ሲሞክር ቡሎኑ በሚታሰርበት በኩል ስንጥቅ ስላገኘ፣ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ይህ ነገር ሰው ይገድላልና በአዲስ ይቀየር ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶኛል። ቅሬታዬን ይቅርታዎን እየለመንሁ እዘረዝራለሁ።

1. የላኩት የተከበረ ኮሚቴ ሞተሯን ከጥላ ሥር ተቀምጦ ግማሽ ቀን ከመረመረ በኋላ፣ ከአራቱ ጎማዎች ሦስቱ ቀጥ ያሉ በመሆናቸው ተሽከርካሪዋ በአብዛኛው ጤነኛ ናት ብሎ ወስኗል። እኔም ከእናትና ከልጅ አንዱ ከተረፈ ወሊዱ በአመዛኙ ተሳክቷል ብዬ ሪፖርት እንድጽፍ መንገዱን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

2. ቸርኬውን ማን እንዳጎበጠው ሳይጣራ ምትክ አይሰጥም ማለትዎ ተገቢ ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና። እንግዲያው ከወንበርዎ ሳይነሡ አንገትዎን ብቻ ወደ ኋላ ያዙሩ። በርክክቡ ዕለት ተነሥተው በወርቃማ ክፈፍ ያሰቀሉት ፎቶግራፍ እዚያ አለ። እርስዎ ራስዎ ሞተሯን ለካሜራ ሲሉ የአዳራሹን ደረጃ ሲያስወጧት፣ የፊት የቀኝ ቸርኬዋ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ጎብጦ ይታያል። ፈገግታዎ በጣም ያምራል። ኮሚቴዎ አጥፊው አልታወቀም የሚለውን ቃለ ጉባኤ አምስት ጊዜ የፈረመው ከዚሁ ሥዕል ሥር ተቀምጦ ነው።

3. አቤት ለማለት ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው መክረውኛል። እንቁላሉ እስካሁን አልተነሣም፤ በእግሯ የምትሄደው እኔው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከወንዙ ማዶ ተጠርቼ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጉዤ ስደርስ፣ ሕፃኑን ጎረቤቲቱ ተቀብላዋለች፤ እናቲቱ ግን ደም እየፈሰሳት ራሷን ስታ ነበር። ተርፋለች። የተረፈችው በእኔ አይደለም፣ በእርስዎማ ጨርሶ አይደለም። ያን ቀን ስመለስ መንገድ ላይ ተቀምጬ በንዴት አልቅሻለሁ፤ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ቀልድ ይያዙልኝ።

የጊዜዎን ክቡርነት ስለማውቅ እዚህ ላይ አበቃለሁ። ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ክፈፍዎን ከአቧራ ይጠብቅልዎ።

በታላቅ አክብሮትና ባለቀ ጫማ፣
እግረኛዋ አዋላጅ

ማስታወሻ፦ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ታናሽ እህትዎ ወራቸው ገብቷል፤ ይህንንም በግልጽ እንድጽፍልዎ ያዘዙኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ በእግሬ እሄድላቸዋለሁ። እስክደርስ ድረስ ግን ሕፃኑ እንዲታገሥ በኮሚቴው ፊርማና ማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይጻፉለት፤ አጎቱ ነዎትና ምናልባት ቃልዎን ይሰማ ይሆናል።