በሳሙና የመዘንኳቸው ሁለት ኮሌጆች

ለውድ እህቴ ለመርማሪዋ፤

እንደምን ከርመሻል የእኔ ዓለም? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ለፈተና ስታጠኚ ያምሽ የነበረው ዓይንሽስ ተሻለሽ? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ወገቤም መጎንበሱን ለምዶታል፣ ተመስገን ነው። አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ጆሮውን አስጠግቶ እየሰማ ያላለቀ ወሬ ስለሚጨርስልን ነው። ይህንን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው።

ሁለቱም ኮሌጆች ለኮምፒውተር ሳይንስ እንደተቀበሉሽ፣ እስከ ወሩ መጨረሻም አንዱን መርጠሽ ፎርሙን መመለስ እንዳለብሽ የጻፍሽልኝን ሦስቴ አነበብኩት። "እኔማ አንቺ የምትሠሪበትን ነው የምመርጠው፤ እትዬ ካለች ሌላው ምን ያደርግልኛል" ብለሻል። ከቤት ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚለኝ ሰው አጥቼ ኖሬ፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የፅዳት ኃላፊያችን ምን ሆነሽ ነው ቢለኝ አቧራ ዓይኔ ገባ አልኩት። አቧራ ስትጠርግ የኖረች ሴት እንዲህ ስትል ማን ያምናታል?

ግን አንቺ እኮ የአባባን ሬዲዮ ስትፈቺ ያደግሽ ልጅ ነሽ። የአንድን ነገር ውስጡን ሳታይ አታምኚም። በራሪ ወረቀቱን ብቻ አይተሽ እንድትወስኚ ሆዴ እሺ አላለኝም። እኔ ስለ ትምህርቱ የማውቀው የለም፤ የሕንፃው ቁልፍ ሁሉ ግን እጄ ላይ ነው።

የእኛ ኮሌጅ ሲያዩት ያምራል። መስታወቱ ሰማይ ያሳያል፣ ኮምፒውተሩም ብዙ ነው። ነገር ግን የሁለተኛው አዳራሽ ኮምፒውተሮች ከመጡ ጀምሮ የፕላስቲክ ሽፋናቸው አልተነሳም፤ ኃላፊው ይበላሻሉ ብሎ በአሥር ሰዓት ያስቆልፈኛል። ያ በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት፣ አስተማሪው ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ያለውን ስሙን እስካሁን እወለውላለሁ፤ ካፖርቱም እንደተሰቀለ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሳሙናው ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፎቅ ላይ፣ በሴቶች መጸዳጃ ቤት ያኖርኩት ፈሳሽ ሳሙና በሁለት ቀን ያልቃል። የአራተኛ ዓመት ፎቅ ላይ ግን አንዱ ጠርሙስ ሴሚስተሩን ሙሉ ይቆይልኛል። ከሴቶቹ አብዛኞቹ እዚያ ፎቅ ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅም አላየሁም።

እናም ባለፈው ማክሰኞ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ የአራት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ሄጄ ያኛውን ኮሌጅ አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሄድኩት እንዲያስጠላኝ ነበር። ግድግዳው ተልጧል፤ ኮሪደሩ ላይ ለሚያፈሰው ጣሪያ ባልዲ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው፣ የእኛዎቹን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ።

ከዚያ የፎቁን ፅዳት ሠራተኛ አገኘኋት። ጠና ያለች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ሥራችን አንድ መሆኑን ስነግራት አጠገቧ አስቀመጠችኝና ምሬቷን ታወርደው ጀመር። "እነዚህ ልጆች አያስጠርጉኝም! ስገባ አሉ፣ ስወጣ አሉ። ሰሌዳውን ጠዋት አጥፍቼው ከሰዓት ግጥም ብሎ ይጠብቀኛል። አስተማሪው እንኳ ቢሮው አይቀመጥ፣ ወንበሩን ጎትቶ መሀላቸው ነው" አለችኝ። የአራተኛ ዓመት ሴቶችስ አሉ ወይ ብላት፣ "ተዪኝ እስቲ! ሳሙናዬን የጨረሱት እነሱ አይደሉ!" እሷ ስታማርር እኔ ክው አልኩ። እሷን ያስመረራት ሁሉ ላንቺ ሲሳይ ነው።

አንዲት ተመራቂ ልጅም ኬብል ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ስትወጣ አስቁሜ ጠየቅኳት። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ በሒሳብ እንደሆነ፣ እሷም ሁለት ጊዜ ሻንጣዋን ሸክፋ አንዲት አስተማሪዋ ከበር እንደመለሰቻት ነገረችኝ። አሁን ከጓደኞቿ ጋር ለአንድ ጤና ጣቢያ የሕሙማን ካርድ ቶሎ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ሠራተኞቹ ሲጠቀሙበት ካልታየ አይመረቁም። በእኛ ኮሌጅ የመመረቂያ ሥራ ማለት አሳምሮ የተጠረዘ ወረቀት ነው፤ የሚነካው እኔ ነኝ፣ አቧራውን ሳነሳ።

እህቴ፣ ያኛውን ምረጪ።

ይህን የምልሽ ሳልፈልግሽ ቀርቼ አይደለም። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሰፋ ያለ ክፍል ተከራይቼ፣ መስኮቱ ሥር ያንቺን አልጋ አስገብቼ ነበር። ከሥራ ስገባ "መጣሽ?" የሚለኝ ሰው ሊኖር ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። ግን እኔን ብለሽ መጥተሽ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ተስፋ ቆርጠሽ ስትቀሪ ማየት አልችልም። አጠገቤ ሆነሽ ከምትቀሪ፣ ርቀሽ ብትማሪ ይሻለኛል።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ሁለታችን አንድ ጣሪያ ሥር ካልሆንን እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቃለሁ፤ ያቺ አማራሪ ሴት "እንደ ልጄ አያታለሁ" ብላ ስልኳን እንደሰጠችኝ ንገሪው። እማማን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስታችን ስለ ትዳሬ ለጠየቀችው መልስ የለኝም፣ ሰላምታ ግን አለኝ። ታናሻችን ቁመቱ በልጦሻል አሉ፤ ዝቅ በል በዪውና ግንባሩን ሳሚልኝ።

አንቺን ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። እኔ አሳዝኜሽ፣ ደውለሽ "የለም፣ አንቺ ጋ ነው የምመጣው" እንዳትይኝ። ደስ ይለኛል፤ የምፈራውም እሱን ነው።

ሁሌም የምትወድሽ እትዬ
ከኮሌጁ ጀርባ ካለው ክፍሌ
ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ